ሴንትሪ ወይስ ሴንቲኔል? ሲቪ ላይ የቱ ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «በአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ሲቪዬን በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ነው። መዝገበ ቃላት ስከፍት ‹ሴንትሪ› እና ‹ሴንቲኔል› የሚሉ ቃላት አገኘሁ። ሁለቱንም ‹ዘብ፣ ጠባቂ› ብሎ ያልፋቸዋል። አንድ ጓደኛዬ ሴንቲኔል በማዕረግ ይበልጣል፣ ሲቪ ላይም ያምራል ይላል። ሌላው ደግሞ ሴንትሪ የእንግሊዞች፣ ሴንቲኔል የአሜሪካኖች አጠራር ነው እንጂ ምንም ልዩነት የላቸውም ባይ ነው። የማንን ልስማ? የትኛውን ልጻፍ?»

ምላሽ፦ የሁለቱንም አይስሙ። ሲቪዎ ላይም ከሁለቱ ቃላት አንዱንም አይጻፉ። ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ቃል «ሴኩሪቲ ጋርድ» ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጓደኞችዎ ያሉትን እንይ፤ ሁለቱም አባባሎች ብዙ ሰው ዘንድ ስላሉ ነው።

የማዕረጉ ወሬ መሠረት የለውም። ሴንትሪም ሆነ ሴንቲኔል የማዕረግ ስም አይደለም። አንድ ወታደር በማዕረጉ ተራ ወታደር ወይም አስር አለቃ ሊሆን ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ሲመደብ ሴንትሪ ይሆናል። 6 ሰዓት ላይ ተተኪው መጥቶ ሲረከበው ሴንትሪነቱ እዚያው ያበቃል። ማዕረጉ ግን አብሮት ይተኛል። ሴንትሪ የሚለው ቃል የሚነግረን ሰውየው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ምን እያደረገ እንደሆነ ነው። ደመወዙን ወይም ደረጃውን አይነግረንም።

ሴንቲኔልንማ ካነሳን፣ ታሪኩ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ «ፕራይቬት ሴንቲኔል» ይባል የነበረው ተራው ወታደር ነው። ከእሱ በታች ማንም አልነበረም። ዛሬ ቃሉ ግርማ ያለው የሚመስለው ማዕረግ ስለሆነ አይደለም። ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጥቶ ወደ ግጥም፣ ወደ ጋዜጣ ስምና ወደ ሳይንስ ስለገባ ነው። ጆሮ ላይ የሚቀረው ግርማ ከዚያ የመጣ ነው።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ጉዳይም አያስኬድም። በብሪታንያ በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ የሚታተመው ጋዜጣ ስሙ «ዘ ሴንቲኔል» ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ማሪን ምልምሎች በቃላቸው የሚሸመድዷቸው 11 የዘብ ትእዛዞች አሉ። እነሱ የሚታወቁት በ«ሴንትሪ» ስም ነው። ሁለቱም አገሮች ሁለቱንም ቃላት ይጠቀማሉ። የሚለያዩት በአገር ሳይሆን በሥራ ነው።

ሁለተኛው ጓደኛዎ «ልዩነት የላቸውም» ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ራሳቸው አንዱን በሌላው ይፈታሉ። ሴንትሪን ሲፈልጉ ሴንቲኔል ይልዎታል፣ ሴንቲኔልን ሲፈልጉ ወደ ሴንትሪ ይመልስዎታል። በድሮ የጦር ጽሑፎች ውስጥም እየተቀያየሩ ይገኛሉ። የእርስዎ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን በአንድ ቃል ያለፋቸው ለዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ትርጉም ይሰጣል እንጂ ቃሉ የት እንደሚውል ሁልጊዜ አይናገርም።

ሴንቲኔል ቀድሞ የመጣው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣልያንኛ ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ብዙ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ሥሩን «መስማት፣ ማስተዋል» ከሚል የላቲን ግስ ጋር ያያይዙታል። ሴንትሪ የተመዘገበው ትንሽ ቆይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከሴንቲኔል የድሮ አጠራሮች አንዱ አጥሮ የወጣ ነው የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አለው። እንግዲህ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ታናሹ ሴንትሪ ካምፕ ውስጥ ቀረ። ታላቁ ሴንቲኔል ግን ዓለም ዞሮ ሌላ ሌላ ሥራ ያዘ።

ካምፕ ውስጥ ከቀረው እንጀምር። ሴንትሪ ሁልጊዜ ሦስት ነገሮች አብረውት አሉ፤ ቦታ፣ ሰዓትና ተተኪ። ቦታው በእንግሊዝኛ «ፖስት» ይባላል። ተረኛነቱ «ሴንትሪ ዲዩቲ» ነው። ከዝናብና ከፀሐይ የሚያመልጥባት ጠባብ የዘብ ጎጆ «ሴንትሪ ቦክስ» ትባላለች። ቀደም ብዬ ካነሳኋቸው 11 ትእዛዞች አንዱ፣ ዘቡ በአግባቡ ሳይተካ ቦታውን ለቆ እንዳይሄድ ያዛል። ሌላው ደግሞ በዓይኑና በጆሮው የሚደርስበትን ሁሉ እየተከታተለ ነቅቶ እንዲዘዋወር። ሴንትሪ ማለት ይህ ነው። ማለፍ የማይገባውን የማስቆም ሥልጣን አለው፣ ሳይተካ ቦታውን ለቆ የመሄድ ነፃነት ግን የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያምታታ ሦስተኛ ቃል አለ። «ጋርድ» የሚለው ነው። በለንደን ቤተ መንግሥት በር ላይ የሚቆሙትን ባለ ቀይ ኮት ወታደሮች ያስቧቸው። «ዘ ጋርድ» ሲባል የዚያን ዕለት ጥበቃውን የተረከበው ቡድን በሙሉ ነው፤ አዛዡ፣ ተራ የሚጠብቁት፣ የሚያርፉትም ሳይቀሩ። «ሴንትሪ» የሚባለው ግን አሁን ጎጆዋ ፊት የቆመው አንዱ ነው። ለ2 ሰዓት ይቆማል፣ ይተካል፣ ለ4 ሰዓት ያርፋል፣ ተመልሶ ይቆማል። ሲያርፍ ያው የጋርዱ አባል ነው፣ ሴንትሪ ግን አይደለም። ቱሪስቱ የሚያየው የቡድን ልውውጥ «ቼንጂንግ ኦቭ ዘ ጋርድ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ የሚለዋወጠው ሙሉው ቡድን ስለሆነ።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ሴንትሪ ባለበት ገጽ ላይ የሚሰናከሉባቸው ሁለት ቃላት አሉ። እግረ መንገዴን ልንገርዎ። አንደኛው «ቻሌንጅ» ነው። ዘቡ ሰውየውን «ቻሌንጅ» አደረገው ከተባለ፣ ተገዳደረው ወይም ተፎካከረው ማለት አይደለም። «ቁም! ማነህ?» አለው ማለት ነው። ሁለተኛው «ሪሊፍ» ነው። ዘቡ «ሪሊፉን» እየጠበቀ ነው ሲባል እርዳታ ወይም እፎይታ እየጠበቀ አይደለም። ተተኪውን እየጠበቀ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተበላሽተው የተተረጎሙበት ታሪክ አንባቢን ግራ ያጋባል፤ ዘቡ ከማያውቀው ሰው ጋር ውድድር ገጥሞ እርዳታ የጠየቀ ይመስላል።

አሁን ወደ ሴንቲኔል። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ቃሉን በብዛት የሚያገኙት ከበር ላይ ዘብ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ቦታዎች ነው።

ሕክምናን እንውሰድ። የጡት ካንሰር ወይም ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ በሊምፍ (በሰውነት ውስጥ በሚዘዋወር ውሃ መሰል ፈሳሽ) መስመር ይጓዛል። ከዕጢው የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርስበት የሊምፍ አንጓ አለ። አንድ ሊሆን ይችላል፣ ጥቂትም ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሞች «ሴንቲኔል ኖድ» ይሉታል። በዕጢው አካባቢ ሰማያዊ ቀለም ወይም አነስተኛ ጨረር ያለው ፈሳሽ ይወጋና የት እንደሚደርስ ይታያል። ቀድሞ የቀለመው አንጓ ወጥቶ ይመረመራል። እሱ ንጹህ ከሆነ ከእሱ ቀጥሎ ያሉትም ንጹህ የመሆን ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በብብት ሥር ያሉትን አንጓዎች በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል። ልብ ይበሉ፣ ይህ አንጓ ካንሰሩን አስቁሞ ስለሚይዝ አይደለም ሴንቲኔል የተባለው። ካንሰሩ ከመጣ መጀመሪያ የሚነገረን በእሱ በኩል ስለሆነ ነው። ይህን አንጓ «ሴንትሪ ኖድ» የሚል ሐኪም አያገኙም።

በሆስፒታል አስተዳደር ደግሞ «ሴንቲኔል ኢቨንት» የሚባል አለ። ታካሚው ከያዘው በሽታ የተለመደ አካሄድ ውጪ ሲሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ነው። ለምሳሌ ቀዶ ሕክምናው በተሳሳተው የአካል ጎን ሲሠራ። እዚህማ ጠባቂ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ክስተቱ ራሱ እንደ ደወል ነው፤ እዚህ ቤት አንድ የተበላሸ አሠራር አለ፣ ዛሬውኑ ይጣራ የሚል። «የዘብ ክስተት» ብሎ የተረጎመ ሰው ካጋጠመዎት ያልፉት።

ኮምፒውተር ላይም አለ። አንድ ፕሮግራም የተማሪዎችን ውጤት ተራ በተራ እየተቀበለ ይደምር እንበል። መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል? ፕሮግራመሩ ከውጤቶቹ መጨረሻ ላይ -1 ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ -1 ሲያይ መቁጠር ያቆማል። ይህ ቁጥር «ሴንቲኔል ቫልዩ» ይባላል። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም የአንድ ጽሑፍ መጨረሻ የሚታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ዋጋው 0 የሆነ ምልክት ጫፉ ላይ ይቀመጣል። ዘዴው የሚሠራው ምልክቱ ከእውነተኛው መረጃ ጋር የማይምታታ ከሆነ ብቻ ነው። ውጤት ከ0 በታች ስለማይሆን -1 ያስኬዳል። የሚመዘገበው የአየር ሙቀት ቢሆን ግን ያው -1 ጉድ ይሠራል፤ አንድ ብርዳማ ጠዋት መጥቶ ቆጠራውን ያቋርጠዋል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ከሰው ቀድመው አደጋ የሚሰማቸው እንስሳት «ሴንቲኔል» ይባላሉ። በድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ውስጥ ይወሰዱ የነበሩት ካናሪ ወፎች የታወቁ ምሳሌ ናቸው፤ መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰው ቀድሞ ወፏን ስለሚጥላት ማዕድን አውጪዎቹ የመውጫ ጊዜ ያገኙ ነበር። ሚርካት የሚባሉት የደቡባዊ አፍሪካ ትናንሽ እንስሳት መሬት እየቆፈሩ ሲበሉ አንዱ ከፍታ ላይ ወጥቶ ይቃኛል፤ ባዮሎጂስቶች እሱንም ሴንቲኔል ይሉታል። የአውሮፓ ኮፐርኒከስ ፕሮግራም መሬትን የሚቃኙ ሳተላይቶቹን «ሴንቲኔል» ብሏቸዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የመጠቀው። በራዳር ስለሚያይ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። በጽሑፍ ደግሞ ተራራ፣ ዛፍ ወይም ሐውልት አንድን ሸለቆ ወይም በር እንደሚጠብቅ ሆኖ ሲገለጽ በብዛት «ስታንድ ሴንቲኔል» ይባላል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያድርጓቸውና ይዩ። አንጓው ማንንም አያስቆምም። ወፏ አትታገልም። ሳተላይቱ ምንም አይከላከልም። -1 ደግሞ ያለው ሥራ መታየት ብቻ ነው። ሴንቲኔል ዋጋው ቀድሞ ማየቱ ወይም ምልክት መስጠቱ ላይ ነው። ሴንትሪ ግን ከማየትም አልፎ «ቁም» ይላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ግራ ሲገባዎት አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ተተኪው ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል? ጥያቄው ትርጉም ከሰጠ ቃሉ ሴንትሪ ነው። የሚያስቅ ከሆነ ሴንቲኔል ነው። የሊምፍ አንጓ ተተኪ የለውም። ተራራም ፈረቃ አይገባም።

ይህ መለኪያ ግን የሚያዳልጥባቸው ቦታዎች አሉ። ትልቁ የአሜሪካ ጦር ሕግ ነው። ተረኛ ሆኖ የተኛ፣ የሰከረ ወይም ሳይተካ ቦታውን የለቀቀ ወታደር የሚቀጣበት የወታደራዊ ፍትሕ ሕጉ አንቀጽ 95 የሚናገረው ስለ «ሴንቲኔል» ነው። በጦርነት ጊዜ ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ያው ወታደር በካምፕ ወሬ ሴንትሪ ይባላል፣ ክስ መዝገቡ ላይ ሲደርስ ሴንቲኔል ይሆናል። ሕግ የድሮ ቃላትን ይዞ መቆየት ይወዳል፤ በየትም ቋንቋ ቢሆን። ሌላው በአርሊንግተን መካነ መቃብር የማይታወቀው ወታደር መቃብር ነው። እዚያ ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይጠበቃል። ዘቡ 21 እርምጃ ይሄዳል፣ ዞሮ 21 ሰከንድ ይቆማል፣ ይመለሳል። ተተኪ አለው፣ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው። በእኔ መለኪያ ሴንትሪ መሆን ነበረበት። እነሱ ግን ሴንቲኔል ይሉታል። የሚጠብቀው ክብርን ስለሆነ ግርማ ያለውን ቃል መረጡለት። ይህ ያስኬዳል። መጋዘን በር ላይ ግን አያስኬድም።

የዕቃና የመሣሪያ ስሞችን ደግሞ ማስረጃ አያድርጓቸው። ጀርባው ላይ ትልቅ ክብ ራዳር የተሸከመው የአሜሪካ ኢ-3 አውሮፕላን ሥራው ከሩቅ ማየት ሆኖ ሳለ ስሙ «ሴንትሪ» ነው። የቴስላ መኪና ቆማ ሳለ ዙሪያዋን በካሜራ የምትከታተልበት ዘዴም «ሴንትሪ ሞድ» ይባላል። ስም የሚያወጡት የገበያና የወታደር ሰዎች ናቸው፤ የሚመርጡትም ለጆሮ የሚጥመውን ነው።

ወደ አማርኛ መመለስ ሲያስፈልግ ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። ለሴንትሪ «ዘብ» ወይም «ተረኛ ዘብ» ይበቃል። ለሰው ሴንቲኔል ሁለት ጥሩ ቃላት አሉን። ከዋናው ጦር ራቅ ብሎ የጠላትን እንቅስቃሴ የሚያየው «ቃፊር» ነው። ከፍ ላለ፣ ለመጽሐፋዊ አነጋገር ደግሞ «ጉበኛ» አለ። በትንቢተ ሕዝቅኤል ጉበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ይነፋል። ሥራው መዋጋት አይደለም፣ ማስጠንቀቅ ነው። አይቶ ዝም ካለ ግን ደሙ ከእጁ ይፈለጋል። ከዚህ የተሻለ የሴንቲኔል ፍቺ አላውቅም። ለሕክምናውና ለኮምፒውተሩ ግን ጉበኛንም ዘብንም ይተዉና ነገሩን በግልጽ ይግለጹት፤ «ካንሰር መጀመሪያ የሚደርስበት አንጓ»፣ «የመጨረሻ ምልክት» ማለት ይቻላል።

አነጋገሩንም ልጨምር። በሁለቱም ቃላት ጉልበቱ የሚያርፈው መጀመሪያ ላይ ነው። ሴንቲኔልን መጨረሻው ላይ አይጎትቱት። ሴንትሪን ሲሉ ደግሞ «ቸ» እንዳይሰማ ይጠንቀቁ። «ሴንቸሪ» ካሉ መቶ ዓመት ሆነ። «ሴንትሪ ጋርድ» የሚለውን ጥምርም እመክርዎታለሁ፣ ይተዉት። ዘብ ጠባቂ እንደማለት ነው።

እንግዲህ ሲቪው። የዓለም የሥራ ድርጅት የሥራ ዓይነቶችን የሚመድብበት አይስኮ-08 የሚባል ዝርዝር አለ። በውስጡ ቁጥር 5414 «ሴኩሪቲ ጋርድስ» ነው። የእርስዎ ሥራ እዚያ ነው ያለው። ሠራተኛ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲያወጡም፣ በኮምፒውተር ሲቪ ሲያጣሩም የሚፈልጉት ይህንኑ ቃል ነው። ሴንቲኔል ብለው ቢጽፉ ማጣሪያው ላያገኝዎት ይችላል። ሰው ካነበበውም ፈገግ ይላል፤ መጋዘኑ የጥንት ምሽግ ይመስለዋል። ሴንትሪ ቢጽፉ ደግሞ ወታደር ነበሩ ብሎ ያስብና ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውትድርናዎ ይጠይቅዎታል። ያልነበሩበትን ማስረዳት አድካሚ ነው።

ቃሉን ለማሳመር የመጣው ፍላጎት አይገርመኝም። «ዘበኛ» የሚለው ቃል በአንዳንድ ሰው አፍ የንቀት ቃና ይዟል። ለዚህ ነው ብዙዎች «ጥበቃ» ማለት የሚመርጡት። «ሴኩሪቲ ጋርድ» ግን በእንግሊዝኛ ያ ቃና የለበትም። የሙያ ስም ነው። «ሴኩሪቲ ኦፊሰር» የሚሉም ድርጅቶች አሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ እንደዚያ ተብሎ ከተጻፈ እሱን ይጠቀሙ። ካልተጻፈ ራስዎን አያሳድጉ። አሠሪ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማየቱ አይቀርም።

ሁለት ቃላት ደግሞ ከሲቪዎ ይራቁ። «ጋርዲያን» በእንግሊዝኛ ሞግዚት ወይም አሳዳጊ ነው። በፈረንሳይኛ ተቀራራቢው ቃል ጥበቃ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ዋርደን»ም አይሆንም። በአሜሪካ እስር ቤት ዋርደን የሚባለው የእስር ቤቱ ኃላፊ ነው።

ሲቪዎን የሚያሳምረው የሥራው መጠሪያ ሳይሆን ከሥሩ የሚጽፉት ነው። የሚገቡና የሚወጡ ሰዎችንና መኪናዎችን ይቆጣጠሩ ከነበረ «አክሰስ ኮንትሮል» ይበሉ። ሌሊት ግቢውን ይዞሩ ከነበረ «ፓትሮል»። በሲሲቲቪ ይከታተሉ ከነበረ ይጥቀሱት። የሆነ ችግር ሲፈጠር መዝግበው ያሳውቁ ከነበረ «ኢንሲደንት ሪፖርት» ይባላል፤ ቀጣሪዎች በጣም የሚፈልጉት እሱን ነው። የሌሊት ፈረቃ መሥራትዎን፣ የመጋዘኑን ስፋት፣ በአንድ ፈረቃ ስንት ሆናችሁ እንደምትሠሩ ይጻፉ። ቁልፍ ተረክበው ያስረክቡ ከነበረም አይዝለሉት፤ የታመኑ ሰው መሆንዎን ከማንኛውም ቅጽል በላይ ይናገርልዎታል። ከዚህ በፊት ውትድርና ከነበሩና ዘብ ከቆሙ ብቻ፣ በውትድርናው ክፍል ሥር «ሴንትሪ ዲዩቲ» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ። ሴንቲኔልን ግን ለጋዜጣ ስምና ለሐኪሞች ይተዉላቸው።